«ጋሪውን እኔ ልግፋልዎት»

ሰው ለፍቅር ሲል ብዙ ነገር ይሆናል። እኔ ለግማሽ ቀን ጎልፍ ተጫዋች ሆኜ ነበር። መዘዙን ያመጣብኝ ግን፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ውሸቴ ሳይሆን ጨዋነቴ ነው። እናቴ ስታሳድገኝ «ትልቅ ሰው ዕቃ ይዞ አንተ እጅህን እያወዛወዝክ እንዳትሄድ» ትለኝ ነበር። ይህችን ምክር አትላንታ ድረስ ይዣት መጥቼ፣ አማቴ ሊሆኑ ጥቂት የቀራቸውን ሰውዬ ሣር ላይ ጣልኳቸው።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ያኔ ዳውንታውን ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ በር ላይ ቫሌ ነበርኩ። ሥራዬ ባጭሩ ከሰው እጅ መቀበል ነው። እንግዳ ሲመጣ ቁልፉን እቀበላለሁ፣ መኪናውን ፓርክ አደርጋለሁ፣ ሻንጣውን አወርዳለሁ፤ ሲሄድ ደግሞ መልሼ እጭናለሁ። ሰው በስልኩ መኪና መጥራት የጀመረበት ወቅት ስለነበር ታክሲ የሚነዱት የአገሬ ልጆች ጠዋት ማታ ሲያማርሩ፣ እኔ በቀይ ኮቴ ውስጥ ደረቴን ነፍቼ «ሆቴል ነው የምሠራው» እል ነበር። ሆቴሉ ስብሰባ ሲኖረው ብዙዎቹ እንግዶች ዱላ የታጨቀበት ረጅም የጎልፍ ከረጢት ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ ከረጢት ስንቱን አንስቼ ስንቱን እንደጫንኩ እግዜር ይወቀው። ቀስ በቀስ ጎልፍ የማውቅ መሰለኝ፤ የባንክ ዘበኛ አንዳንዴ ሀብታም የሆነ እንደሚመስለው ማለት ነው።

ቤዛን የተዋወቅኳት ቸርች ነው። እሷ መዘምራን ውስጥ፣ እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ። ነርስ ናት። አንድ ቀን ስለ አባቷ ስታወራኝ «ዳዲ እኮ ጎልፍ ነፍሱ ነው» አለችኝ።

«እኔም እኮ ጎልፍ ውስጥ ነው የምውለው» አልኳት። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ሲሪየስሊ? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም!» ብላ ተነስታ አቀፈችኝ። ከዚያ በኋላ ማን ያስተባብላል?

አባቷ ጋሽ ወርቅነህ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ለረጅም ዘመን የጎማ ሱቅ የነበራቸው፣ ሱቁን ሸጠው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ አቮንዴል እስቴትስ የሚባል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ቤዛ አንድ ልጃቸው ናት። ሽማግሌ ልልክ እንዳሰብኩ ስትነግራቸው የሰጧት መልስ አጭር ነበር። «ሽማግሌ ጥሩ ጥሩውን ነው የሚያወራው። ልጁ መጀመሪያ ይምጣና አብረን እንጫወት።»

«ዳዲ ማንንም ጋብዞ አያውቅም!» አለችኝ ቤዛ በደስታ። ቀጥላ ደግሞ «እሱ ካልወደደህ ግን…» ብላ አቆመች። መጨረስ አላስፈለጋትም። አባቷ እምቢ ካሉ እንደማታገባኝ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

አብሮኝ ቫሌ የሚሠራውን ጓደኛዬን ዳዊትን አማከርኩት። ዳዊት ስለማያውቀው ነገር ምክር ሲሰጥ የሚያክለው የለም። «ጎልፍ ላይ ዋናው ልብሱ ነው» አለኝ። «ሌላው ዱላ ማወዛወዝ ነው። ነጭ ሱሪ ግዛ።» ገዛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ስደርስ ጋሽ ወርቅነህ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ጫማቸውን እየቀየሩ ነበር። አብሯቸው የዘመናት ጓደኛቸው ጋሽ ስዩም ነበሩ፤ የቸርቻችን ሽማግሌ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ያዩትን ሁሉ የሚያወሩ ሰው። ለኔ አሮጌ ከረጢታቸውን አውሰውኝ በትከሻዬ አንጠልጥዬዋለሁ። እሳቸው ራሳቸው ሞተር ያላት ካርት ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል። ጋሽ ወርቅነህ ግን ካርት አይነኩም። ዱላዎቻቸውን የጫኑት ሦስት ጎማ ባላት፣ እጀታዋ ወደ ኋላ በወጣ፣ እየገፉ በሚሄዷት ጋሪ ላይ ነው።

«ጎልፍ በእግር ነው» አሉኝ እንደ ሰላምታ።

«እኔም በእግር ነው የምወደው» አልኳቸው።

መጀመሪያው መምቻ ቦታ ላይ ጋሽ ስዩም ካልጸለይን አሉ። ከኋላችን ተራ የሚጠብቁ ፈረንጆች ቆመዋል። ጋሽ ስዩም ስለ አገራችን፣ ስለ ታመሙት፣ ስለ ቪዛ ጠባቂዎችና ስለ ወጣቱ እንግዳችን መንገድ መቃናት ጸለዩ። ፈረንጆቹ መጀመሪያ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ኋላ ደግሞ መልሰው አደረጉት። «አሜን» ስንል ጋሽ ወርቅነህ ኳስ የምትቀመጥባትን ሹል እንጨት ከኪሳቸው ፈለጉ። «አንዷ የት ገባች?» አሉና ሌላ አወጡ። «ትከልልኝ እስቲ» ብለው ለኔ ሰጡኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ ተከልኩላቸው። ለማዘዝ ከጀመሩ ወደውኛል ማለት ነው ብዬ ልቤ ሞቀ።

እሳቸው እግራቸውን ሰፋ አድርገው ቆመው፣ ሳይቸኩሉ፣ ጥሩ መቱ። ተራዬ ደረሰ። ዱላውን ሆቴል በር ላይ እንዳየኋቸው ሰዎች ወገቤን ጠምዝዤ አነሳሁና ባለኝ ኃይል ሰነዘርኩ። ከሥሩ የተነሳው ሣር ከኳሱ ርቆ ሄደ።

ጋሽ ስዩም ካርቷ ላይ ሆነው ፊታቸውን በኮፍያ ሸፈኑ። ጋሽ ወርቅነህ ግን ኳሱን አይተው፣ እኔን አይተው፣ ነጩን ሱሪዬን አይተው «ጎልፍ ውስጥ ነው የሚውለው ነበር ያለችኝ» አሉ።

«በብዛት ከረጢቱን ነው ጋሼ። ሆቴል በር ላይ… የማነሳው።»

የሳቁ መሰለኝ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ከዚያ ጋሪያቸውን ይዘው መግፋት ጀመሩ።

እንግዲህ አንድ ነገር አስቡልኝ። እኔ ጎረምሳው ባዶ እጄን፣ ማለት ከጋሽ ስዩም አሮጌ ከረጢት በቀር ምንም ሳልይዝ፣ ያባቴ እኩያ ጋሪ ሲገፉ አጠገባቸው እሄዳለሁ። እናቴ ብታየኝ ምን ትላለች? ደግሞስ ጨዋታውን አላወቅኩም፤ ቢያንስ አስተዳደጌን ላሳይ እንጂ።

«ጋሪውን እኔ ልግፋልዎት ጋሼ» አልኳቸው።

«ተው ግድ የለም።»

እኛ ዘንድ የመጀመሪያ እምቢታ እምቢታ እንዳልሆነ መቼም ታውቃላችሁ። ብላ ሲሉት «በልቻለሁ» የማይል ማን አለ? «በልቻለሁ» ሲባልስ እሺ ብሎ ሳህኑን የሚያነሳ ማን አለ? ስለዚህ ትንሽ ቆይቼ ደገምኩ።

«እረ ጋሼ፣ እኔ እያለሁ?»

«ተው አልኩህ እኮ።»

ይህም ደንብ ነው ብዬ አለፍኩት። እየሄድን ሳይ ጋሽ ወርቅነህ ከጋሪዋ እጃቸውን አያነሱም። ኳስ ሊመቱ ሲሉ እንኳ አጠገባቸው አቁመው፣ ዱላቸውን መሬት ላይ ደገፍ ብለው፣ መትተው ሲጨርሱ ቶሎ ብለው እጀታዋን ይይዛሉ። የወደቀ ነገር ካለ «አንሳልኝ እስቲ» ይሉኛል። እኚህ ሰውዬ የሚወዱት ጎልፉን ሳይሆን ጋሪዋን ነው አልኩ በልቤ። የጎማ ሰው ስለሆኑ ይሆናል ብዬ ደግሞ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። የቀረበልኝን ሁሉ አይቼ ምንም ያላየሁ እኔ ነኝ።

አንድ ዳገት ላይ ደረስን። ከዳገቱ ወዲያ የኳሱ ጉድጓድ አለ፤ ጋሽ ስዩም በካርቷ ቀድመውን ተሻግረው ከዓይናችን ጠፍተዋል። በስተቀኝ በኩል ሜዳው ቁልቁል ወርዶ አንድ ኩሬ ላይ ያልቃል። ጋሽ ወርቅነህ ዳገቱ ላይ እያለከለኩ ነው። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይወርዳል። ከዚህ በላይ እንዴት ልቻል?

«ጋሼ ይስጡኝ!»

«ተወኝ!» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ብሎ።

ሦስተኛ እምቢታ። አያችሁ፣ ሦስተኛው ላይ ነው ሰው መቀማት ያለበት። እጀታዋን በሁለት እጄ ያዝኩና «በቤዛ ሞት!» አልኳቸው። በአንድ ልጃቸው ሞት ሲባሉ ደንግጠው እጃቸው ላላ። ጋሪዋን ሳብ አድርጌ ወሰድኳት።

ጋሽ ወርቅነህ ባሉበት ቆሙ። እጆቻቸው ወደፊት እንደተዘረጉ ቀሩ፤ አየሩን የሚይዙ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ወደ ጎን ዘመሙና ተቀመጡ ልበል ወደቁ፣ ሣሩ ላይ አረፉ። እኔ «ጋሼ!» ብዬ ጋሪዋን ለቅቄ ወደሳቸው ዘለልኩ። የለቀቅኳት ጋሪ ደግሞ ዳገት ላይ መሆኗን አልረሳችም። ከነዱላዋ፣ ከነውሃ መያዣዋ፣ ቀስ ብላ ጀምራ ኋላ እየፈጠነች ቁልቁል ሄደች። የውሃውን ድምፅ ሰማሁት።

«ጋሼ ተጎዱ? የት ጋ ነው? ሰው ልጥራ!»

«ዝም በል!» ክንዴን ያዙኝ። «አትጩህ። ስዩም አይቶናል?»

ዳገቱን አየሁ። ማንም የለም። «አላዩንም።»

«ተመስገን» አሉ። ወድቀው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ የመጀመሪያው ቃላቸው ተመስገን ነው። ያን ጊዜ ነው ልቤ የፈራው።

ላነሳቸው ስል «ቆይ» አሉኝ። ምን እንደማደርግ ጠፋኝና፣ ቢያንስ ጋሪዋን ላድን ብዬ ወደ ኩሬው ሮጥኩ። ከነነጩ ሱሪዬ እስከ ወገቤ ገባሁ። እጀታዋን አግኝቼ ስጎትት ወጣች፤ የፊት ጎማዋ ግን ጭቃው ውስጥ ቀርቷል። አንድ ኤሊ ድንጋይ ላይ ሆኖ ያየኝ ነበር። ጎማውን በእጄም በእግሬም ፈለግኩ፣ አጣሁት። የተጣመመች ጋሪ እየጎተትኩ፣ ጫማዬ ውሃ እየተፋ ስመለስ ጋሽ ወርቅነህ እንደተቀመጡ ነበሩ።

«ጎማው የለም» አልኳቸው።

«ጎማ የለም» አሉና በረጅሙ ተነፈሱ። «እግሬ ነበረች እኮ።»

አልገባኝም። ወይም ገብቶኝ እንዳይገባኝ ፈልጌ ነበር።

«ስኳሩ ነው» አሉ ሣሩን እያዩ። «ከቁርጭምጭሚቴ በታች መሬት አይሰማኝም። ቆይቷል። ቤት ውስጥ ግድግዳውን፣ ወንበሩን እየያዝኩ እሄዳለሁ። ውጭ ግን ምን ልያዝ? ከዘራ ከያዝኩ ሰው ይጠይቃል። እዚህ ሜዳ ላይ ግን ጋሪ የሚገፋን ሰው ማንም አይጠይቅም። ሁሉም ይገፋላ።»

«ካርቷስ? እንደ ጋሽ ስዩም ቢቀመጡ?»

«ከተቀመጥኩ ማን ያነሳኛል? ደግሞ ዛሬ ካርት ላይ ከተቀመጥኩ ነገ ዊልቸር ላይ ነኝ።»

«ቤዛ ታውቃለች?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ቤዛ ነርስ ናት። ካወቀች መኪናዬን ትወስዳለች፣ ቤቴን ታሸጠኛለች፣ አጠገቧ ቁጭ አድርጋ ስታየኝ ትውላለች። እሷ ገና ኑሮዋን ልትጀምር ነው። እኔን እንድትጠብቅ አይደለም ያሳደግኳት።» ዓይናቸው ውሃ ያዘ። የኔም ያዘ። ያን ያህል ኮስታራ ሰው ሣር ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ማየት እንዴት እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል።

«ጋሽ ስዩምን በካርቷ እንዲወስዱን ልጥራ?»

«ስዩምን?» ደነገጡ። «ስዩም እንዲህ ሆኜ ካየኝ ነገ ቸርቹ በሙሉ በስሜ ቆሞ ይጸልይልኛል። በእግሬ ነው የምመለሰው። ናና አንሳኝ።»

አነሳኋቸው። ክንዳቸውን በትከሻዬ ላይ ጣሉ፣ እኔም በጀርባቸው በኩል ቀበቷቸውን ጨብጬ ያዝኩ። የሳቸው ሦስተኛ ጎማ እኔ ሆንኩ። ከሩቅ ላየን አባትና ልጅ ተቃቅፈው ሲጨዋወቱ ነው የሚመስለው። እኔ ግን ምን እየሰማሁ እንደነበር ላንሾካሽክላችሁ፤ «ቀስ በል። ወደ ግራ። ጉድጓድ አለ። አትጎትተኝ።»

ዳገቱ ላይ የካርት ድምፅ መጣ። ጋሽ ስዩም ጠፋንባቸው ብለው ተመለሱ።

«ፈገግ በል» አሉኝ ጋሽ ወርቅነህ በጥርሳቸው መሀል። ጭቃ በጭቃ እንደሆንኩ ፈገግ አልኩ።

ጋሽ ስዩም ካርቷን አቁመው አፋቸውን ከፈቱ። «እንዴ! ወርቅነህ ሰው አቀፈ? አንተ ልጅህ ስትመረቅ እንኳ በእጅህ ጨብጠህ ነው ያለፍካት!»

«ወግ ይዘን ነው» አሉ ጋሽ ወርቅነህ።

«ልጁስ? ጥምቀት ነው እንዴ የወሰድከው?»

«ጋሪያቸውን ኩሬ ውስጥ ከተትኩት ጋሽ ስዩም» አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ ያወራሁት ንጹህ እውነት ይህ ብቻ ነበር።

ጋሽ ስዩም ካርቷ እስክትነቃነቅ ሳቁ። «ንብረትህን አጥፍቶም አቀፍከው! በቃ፣ ሽምግልናው አለቀ! እኔ ምስክር ነኝ!» አሉና የተጣመመችውን ጋሪና ዱላዎቹን ካርቷ ኋላ ጭነው፣ ወሬውን ለማን ቀድመው እንደሚያደርሱ እያሰቡ ይመስለኛል፣ ቀድመውን ከነፉ።

ወደ መኪና ማቆሚያው የሄድነው ሄድን ከተባለ ነው። ስንደርስ የጋሪዋ ስብርባሪ ከመኪናቸው ጎን ተቀምጧል፤ ጋሽ ስዩም የሉም። ጋሽ ወርቅነህ መኪናቸውን ደገፍ ብለው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ። ከዚያ፣ ከጠዋት ጀምሮ ስመኘው የነበረውን ነገር አሉኝ።

«ጎበዝ ልጅ ነህ። ምስጢር ትይዛለህ። ሽማግሌዎችህን ላክ።»

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል፣ እሳቸው ከኪሳቸው የመኪናቸውን ቁልፍ አወጡ።

ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ጫማቸውን አየሁት። ቀኝ ጫማቸውን።

«ጋሼ» አልኳቸው ቀና ሳልል፤ «የትኛው እግርዎ ነው የማይሰማዎት?»

«ሁለቱም። ቀኙ ይብሳል።»

«ፍሬኑስ ይሰማዎታል?»

ቁልፉን እጃቸው ውስጥ አገላበጡት። «ብዙውን ጊዜ» አሉ።

ሰፈራቸውን አውቀዋለሁ። ሰው ውሻውን እየጎተተ፣ ሕፃን በጋሪ እየገፋ የሚሻገርበት ሰፈር ነው። እኔ በቀን ስንቱን ቁልፍ እቀበላለሁ፤ አንዳንዱ እንግዳ ፊቴን እንኳ ሳያይ ወርውሮልኝ ይገባል። የዚያን ቁልፍ ያህል ግን እጄን ለመዘርጋት የከበደኝ የለም። ጋሪዋን ያለ ፈቃዳቸው ስቀማ አላፈርኩም ነበር፤ አሁን ግን አፈርኩ፣ ፈራሁ። ትልቅ ሰው ናቸው። የቤዛ አባት ናቸው። እሺ ካሉኝ ገና አንድ ደቂቃ አልሞላም።

እጄን ዘረጋሁ። «ቁልፉን ይስጡኝ፣ እኔ ላድርስዎት።»

«ተው ግድ የለም።»

«እየነዱ መሄድ የለብዎትም ጋሼ።»

ዓይናቸው ጠበበ። «ሽማግሌ ላክ ያልኩህን ሰምተሃል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ እኮ ያልኩትን ልረሳ እችላለሁ። ሽማግሌ ነኝ።»

ገባኝ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ከወገቤ በታች ጭቃ፣ ከወገቤ በላይ ላብ ሆኜ፣ አንድ እጄን እንደ ለማኝ ዘርግቼ ቆሜያለሁ። የቤዛ ፊት መጣብኝ። ያችን «እሱ ካልወደደህ ግን…» ያለችኝን አስታወስኩ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። «እርስዎ ይርሱት። ቁልፉን ግን ይስጡኝ።»

ቁልፉን በእጄ ላይ ሳይሆን በመኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጡት። «አልሰጠሁህም» አሉ። «እዚህ ነው ያስቀመጥኩት።» በእጃቸው የመኪናውን ገላ እየዳበሱ፣ እኔ ሳልነካቸው፣ ዞረው በተሳፋሪው በር ገቡ።

የኔን መኪና እዚያው ጥዬ በሳቸው ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ ያወሩኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው። «መስታወቴን አታንቀሳቅስ» እና «ወንበሬን አበሰበስከው።»

ቤታቸው ስንደርስ ቤዛ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ጋሽ ስዩም ደውለው የእቅፉን ወሬ አድርሰውላት ኖሮ ፊቷ በርቷል። የአባቷን መኪና እኔ እየነዳሁ መግባቴን ስታይ ፈገግታዋ ቆመ። ስወርድ ደግሞ ሱሪዬን አየች።

«ኦ ማይ ጋድ፣ ምን ሆናችሁ?»

የምስጢሩ ባለቤት መኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል። ሄጄ በራቸውን ከፈትኩላቸውና እጆቼን ወደ ኋላዬ አጣምሬ ቆምኩ። ልደግፋቸው እጄ ይበላኛል፤ ግን ከጠዋቱ አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ጋሽ ወርቅነህ ለመነሳት ሞከሩ፣ አልሆነም። እንደገና ሞከሩ። ቤዛ ከበረንዳው ወረደች። ልጃቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ያጣመርኩትን እጄን አዩ።

«እጅህን አምጣ» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ቆሙ። «ቤዛዬ» አሉ፤ «እግሬ መሬት አይሰማኝም። ደብቄሽ ነው የኖርኩት። ይሄ ሰውዬሽ ቁልፌን ቀማኝ።»

ቤዛ አላለቀሰችም፤ ማለት በኋላ ነው ያለቀሰችው። መጀመሪያ ነርስ ሆነች። እዚያው መኪናው በር ላይ መልሳ አስቀመጠቻቸው፣ መሬት ላይ ተንበርክካ የቀኝ ጫማቸውን ፈታች። ካልሲው ቀይ ነበር። ከጫማው ውስጥ አንዲት ሹል እንጨት ወደቀች፤ ጠዋት ከኪሳቸው የጠፋችው፣ ኳስ የምትቀመጥባት። ጫማ ሲቀይሩ ወድቃ ገብታለች። ያን ሁሉ ሜዳ፣ ያን ሁሉ ዳገት ረግጠዋት ተጉዘዋል። አልተሰማቸውም።

ጋሽ ወርቅነህ እንጨቷን አይተው «አገኘኋት» አሉ። ያን ጊዜ ነው ቤዛ ያለቀሰችው።

ሆስፒታል ወሰድናቸው። ቁስሉ ገና ትኩስ ስለነበር እግራቸው ተረፈ። መንዳት ግን በዚያው ቀረ፤ ቤታቸው አልተሸጠም። ከቤዛ ጋር ስለ ደበቋት ነገር ለረጅም ጊዜ ተኳርፈው፣ አንድ ቀን እኔ በሌለሁበት ታረቁ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም።

እናንተ ግን ይህን ስታነቡ «ጀግና ነው፣ ቁልፍ ነጥቆ ሰው አዳነ» እንዳትሉኝ። ያለ ጥፋታቸው ዳገት ላይ የጣልኳቸውም እኔ ነኝ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። የማይፈልጉትን እርዳታ ስሰጥ እንዴት ደፋር ነበርኩ! ደረቴን ነፍቼ፣ በሰው ሞት ምዬ ቀማሁ። የሚያስፈልጋቸውን ለማድረግ ጊዜው ሲደርስ ግን እጄን መዘርጋት ከበደኝ፤ ምክንያቱም ያኛው እኔን ጨዋ ያስመስለኛል፣ ይሄኛው ሙሽሪት ያሳጣኛል። እናቴ ትክክል ናት፤ ትልቅ ሰው ዕቃ ይዞ እጅን ማወዛወዝ ነውር ነው። አሁን ግን ከመቀበሌ በፊት ሰውየው ዕቃውን የያዘው ነው ወይስ ዕቃው ሰውየውን የያዘው እያልኩ አያለሁ። እናንተም እስቲ ዙሪያችሁን እዩ። ሁልጊዜ ወንበር የሚደገፍ አጎት፣ ከበር ሳትወጣ የምትሸኝ አክስት ካለቻችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ እንጂ እንደኔ ዘላችሁ አትንጠቁ።

ሽማግሌ ላክሁ። ጋሽ ወርቅነህ «ላክ» ማለታቸውን የረሱ መስለው አስጨንቀው አስጨንቀው፣ በመጨረሻ ስለ ጥሎሽ እንዲነጋገሩ ሲጠየቁ ለሙሽሪት የሚሆነውን ለእናንተ ትቻለሁ አሉ። «ለኔ ግን» አሉ፤ «ጋሪ። እጀታው ላይ ፍሬን ያላት።» ጋሽ ስዩም ይህን ሰምተው ምን ያህል እንደሳቁ ልትገምቱ ትችላላችሁ። በዚያው የሽምግልና ቀን ታሪኩን ሁሉ ሰምተው ነበር፤ እንደተፈራውም በማግስቱ ቸርቹ በሙሉ ቆሞ ጸለየ። ጋሽ ወርቅነህ ከኋላ ተቀምጠው «አሜን» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

የሠርጋችን ዕለት የቸርቹ በር ተከፈተ። ቤዛ በነጭ ልብሷ፣ በግራ በኩል ክንዷን ለአባቷ ሰጥታ፤ ጋሽ ወርቅነህ በጥቁር ሱፍ፣ በቀኝ እጃቸው አዲሷን ጋሪ ይዘው፤ በዱላዎቹ ቦታ አበባ ተሞልቶባት፤ ሰው ሁሉ እያየ፣ ማንንም ሳይደብቁ፣ ቀስ እያሉ መጡ። እንባዬ ወረደ። ፊቴ ደርሰው ልጃቸውን ሊሰጡኝ ሲቆሙ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ትልቅ ሰው ዕቃ ይዞ ሳይ የሚነሳው እጄ ተነሳና ወደ ጋሪዋ ሄደ።

ሚዜዬ ዳዊት ኮቴን ከኋላ ጨምድዶ ያዘው። ጋሽ ወርቅነህ ፍሬኑን ያዙ። ቤዛ ደግሞ በአበቦቹ መሀል የተዘረጋውን እጄን ወስዳ የራሷ እጅ ውስጥ ከተተችው።